የመጀመሪያ የምርምር ጽሑፋችንና ጉድለቱ

አንድ ተማሪ ኮሌጅ ገብቶ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርስ፣ ከዚያ በፊት ያልለመደው ሥራ ይጠብቀዋል። እስከዚያ ድረስ ሌሎች የደረሱበትን ዕውቀት ሲያጠናና ሲመልስ ኖሯል፤ አሁን ግን ራሱ ያየውን ነገር ጽፎ እንዲያቀርብ ይታዘዛል። የመጀመሪያው የምርምር ጽሑፍ የሚባለው ይህ ነው። ስለ አጻጻፉ ምክር የሚሰጡ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ምክራቸውም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። መግቢያ ጻፍ፤ የአሠራር ዘዴህን ንገር፤ ውጤትህን አሳይ፤ ከዚያም ሐተታህን አክለህ ደምድም ይላሉ። ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። አራቱ ክፍሎች በየቦታቸው ተሰክተው ሳለ ጽሑፉ አንዳች ነገር ሳይነግረን የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ገጽ ልንተቸው የተነሣነውም እንዲህ ያለውን፣ ማለት መልኩ ያማረውን ውስጡ ግን ባዶ የሆነውን የተማሪ ጽሑፍ ነው። ከሚተቹት መካከል አንደኛው የራሳችን ጽሑፍ ስለሆነ ማንንም እንደማናስቀይም ተስፋ እናደርጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጓደኞቻችንን ጽሑፎች ስናነብ አንድ የታወቀ አካሄድ እናያለን። ነገሩ ስለ አንዲት ምንጭ ውሃ ነው እንበል። የመጀመሪያው ገጽ ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ያስረዳል። ሁለተኛው ገጽ የዓለም ውቅያኖሶችን ይዘረዝራል። ሦስተኛው ገጽ በቆሸሸ ውሃ ምክንያት ስለሚመጡ በሽታዎች ከመጻሕፍት የተለቀመ ታሪክ ይዟል። ምንጯ ራሷ የምትመጣው ስድስተኛው ገጽ ላይ ነው፤ ያን ጊዜም ሦስት መስመር ብቻ ተሰጥቷት፣ ‹‹ውሃው ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል›› ተብሎ ይታለፋል። ማን መረመረው? በምን መሣሪያ? ስንት ጊዜ? ዝናብ ከመዝነቡ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከጽሑፉ መልስ አናገኝም።

ይህ የሚሆነው ከስንፍና የተነሣ ነው ማለት አንችልም። እንዲያውም እነዚያን አምስት ገጾች ለመጻፍ ጓደኛችን ብዙ ሌሊት ደክሟል። ምክንያቱ ፍርሃት ይመስለናል። ተማሪው ያየሁት ነገር ትንሽ ነው ብሎ ያፍርበታል፤ ስለዚህ በትልቅ ነገር ይሸፍነዋል። ከዚህም ሌላ ከትልቅ መጽሐፍ የተቀዳ ነገር አያስወቅስም፤ ራስ ያዩትን መናገር ግን ያስወቅሳል። ዛሬ ደግሞ ከኮምፒዩተር ቀድቶ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ በመሆኑ መሸፈኛው በዝቷል። እንዲህ ሲሆን ጽሑፉ ለጸሐፊው ምሽግ ይሆንለታል፤ በውስጡ ተቀምጦ ማንም አይነካውም። እኛ ግን የምንለው ተቃራኒውን ነው። ጥሩ የምርምር ጽሑፍ ማለት፣ ጸሐፊው ተሳስቶ እንደሆነ አንባቢው ስሕተቱን ሊይዝበት የሚችል ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ምክር ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። የመጀመሪያ ጽሑፋችን የባቄላ ዘር በንጹሕ ውሃና በጨው ውሃ እንዴት እንደሚበቅል የሚመረምር ነበር። 8 ሳህኖች አዘጋጅተን በእያንዳንዱ 25 ዘር አስቀመጥን፤ 4ቱን ንጹሕ ውሃ፣ 4ቱን ጥቂት ጨው የገባበት ውሃ እናጠጣቸው ነበር። እንደ ጠበቅነው ንጹሕ ውሃ ያገኙት በደንብ በቀሉ፤ ጨው ያገኙትም ዘገዩ። ነገር ግን ከንጹሕ ውሃዎቹ ሳህኖች አንደኛው አሳፈረን፤ በዚያ ሳህን የበቀለው ዘር ከጨዎቹ እንኳ ያነሰ ነበር። ምን ይደረግ ብለን ተመካከርንና፣ ‹‹ይኼስ ተበላሽቷል›› ብለን ሳህኑን አጥበን ወደ መደርደሪያው መለስነው። በሠንጠረዡ ላይ የንጹሕ ውሃው 3 ሳህን ብቻ ተጻፈ፤ እንዲመጣጠንም ብለን ከጨዎቹ አንዱን ቀነስን። ጽሑፉ አማረ፤ ጥሩ ነጥብም አገኘን።

ጽሑፉን ባነበብነው ቁጥር ግን ያ ሳህን ትዝ ይለናል። ምናልባት በመስኮቱ አጠገብ ስለነበረ የሌሊቱ ብርድ ጎድቶት ይሆናል። ምናልባት ዘሩ ከሌላ ከረጢት የወጣ አሮጌ ዘር ይሆናል። ምናልባትም ውሃው በዝቶ ዘሩን አፍኖት ይሆናል። ከነዚህ አንዱ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ ሳህን ውስጥ ከጽሑፋችን ሁሉ የበለጠ ቁም ነገር ነበረ። አሁን ግን ልናውቀው አንችልም፤ አጥበነዋልና።

ከዚያ በኋላ የግሬጎር ሜንደልን ጽሑፍ በትርጉም አገኘነው። ሜንደል፣ ያን ጊዜ በኦስትሪያ ግዛት ሥር በነበረችውና ዛሬ ብርኖ ተብላ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው ከተማ የሚኖር መነኩሴ ነበር። በገዳሙ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራና እያዳቀለ 8 ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ፣ የደረሰበትን በ1865 በከተማው የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር ፊት በሁለት ስብሰባ አነበበ፤ ጽሑፉም በ1866 ታተመ። ሜንደልን የዘር ውርስ ሕግ ያገኘ ሰው አድርገን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኛ እዚህ የምንመለከተው ግን ሕጉን ሳይሆን አጻጻፉን ነው።

ድቡልቡል ዘር ያለውን አተር የተጨማደደ ዘር ካለው ጋር ሲያዳቅለው፣ የተገኘው ዲቃላ ዘር ሁሉ ድቡልቡል ሆነ። ዲቃላዎቹን ዘርቶ በራሳቸው እንዲራቡ ሲተዋቸው ከ253 ተክሎች 7,324 ዘር ለቀመ፤ ከነዚህም 5,474ቱ ድቡልቡል፣ 1,850ው የተጨማደዱ ነበሩ። ይህ 3 ለ1 ያህል ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ እዚህ ላይ በደስታ እናቆም ነበር። ሜንደል ግን ቀጥሎ የ10 ተክሎችን ቁጥር አንድ በአንድ አሰፈረ። ይህም አልበቃው ብሎ ከ3 ለ1 እጅግ የራቁትን ተክሎች ፈልጎ አወጣ፤ በአንዱ ተክል 43 ድቡልቡልና 2 የተጨማደዱ፣ በሌላው ደግሞ 14 ድቡልቡልና 15 የተጨማደዱ ዘሮች እንደተገኙ ይነግረናል። 14 ለ15 ከ3 ለ1 ምን ያህል እንደሚርቅ አንባቢ ልብ ይበል። ይህ የሜንደል ‹‹የተበላሸ ሳህን›› ነበር፤ እርሱ ግን አላጠበውም።

ሌላም አለ። ስለ አተሩ እሸት ቅርፊት ቀለም ባደረገው ሙከራ፣ ከ100 ተክሎች ውስጥ ልጆቻቸው በሁለት ቀለም የሚከፈሉት 2 እጅ፣ የማይከፈሉት 1 እጅ ያህል መሆን ነበረባቸው። የተገኘው ግን 60 ለ40 ሆነ። ሜንደል ሙከራውን ደገመውና በዚህ ጊዜ 65 ለ35 አገኘ። የመጀመሪያውን ቁጥር ጥሎ ሁለተኛውን ብቻ ቢጽፍ ማን ያውቅበት ነበር? ማንም አያውቅበትም ነበር። እርሱ ግን ሁለቱንም ጻፈ፤ የደገመውም ልዩነቱ ስለበዛበት መሆኑን ተናገረ። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር ነው። ያልተስማማ ውጤት ሲመጣ መድገም ይገባል፤ ሲደግሙም የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር አብሮ መጻፍ ይገባል።

የዚህ ታሪክ ፍጻሜ ግን ከምናስበው የተለየ ነው። የሜንደል ሥራ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖሮ በ1900 እንደገና ተገኘ። በ1936 ደግሞ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ሮናልድ ፊሸር ቁጥሮቹን በሙሉ መርምሮ፣ ከሚጠበቀው ጋር የሚስማሙት ከመጠን በላይ ነው፤ በአጋጣሚ ብቻ እንዲህ ሊገጥሙ ያዳግታል ሲል ጻፈ። ምናልባት ምን እንደሚጠበቅ የሚያውቅ አንድ ረዳት አስማምቶ ቆጥሮለት ይሆናል ብሎም ገመተ። ክርክሩ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ዘልቋል። በመጀመሪያ ይህን ስንሰማ አዝነን ነበር፤ እንዲያ ያመሰገንነው ሰው መጠርጠሩ ከፋን። ቆይተን ስናስበው ግን ፊሸር ሊጠረጥር የቻለው ሜንደል ቁጥሩን ሁሉ ስለሰጠው መሆኑን ተረዳን። ‹‹ብዙ አተር ቆጠርሁ፤ 3 ለ1 ሆነ›› ብሎ ቢያልፍ ኖሮ ከ70 ዓመት በኋላ ምንም የሚመረመር ነገር ባልተገኘ ነበር። ሕጉ ግን በሌሎች እጅ ደጋግሞ ተፈትኖ ጸንቷል። ሁለተኛውም ትምህርት ከዚሁ ጋር ይመጣል፤ ከመጠን በላይ ያማረ ሠንጠረዥ ዕድሜ ልኩን ሳይጠየቅ አይኖርም። በሦስት ሳህን ያሳመርነው ሠንጠረዣችንም ዛሬ ምስክር ሆኖብናል።

ምናልባት አንዳንድ ተማሪ፣ ሜንደል 8 ዓመትና የገዳም አትክልት ቦታ ነበረው፤ እኛ ግን ያለን አንድ ሴሚስተር ብቻ ነው ይል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የምርምር መነሻ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ስለ ቢልሃርዝያ ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄደው ነበር። የቢልሃርዝያ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሰውነት ማደግ አለበት፤ ስለዚህ በሽታውን የሚያጠና ሰው ቀንድ አውጣውን መመልከት ግድ ይሆንበታል። በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉም ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን፣ ከዚያ በላይ ግን እንዲህ አለመሆኑን አስተዋሉ። ከዚያም እንዶዱን በቤተ ሙከራ ፈተኑት፤ የመጀመሪያውን አጭር ጽሑፍ በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሥራው ቀጥሎ በ1989 ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘላቸው።

ይህ ታሪክ በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ ሲነገር ‹‹እንዶድን ያገኙ ሰው›› እየተባለ ነው። አነጋገሩ የተሳሳተ ነው። እንዶድንማ እናቶቻችን ሁሉ ያውቁታል፤ ሳሙና ሳይመጣ ነጠላና ጋቢ ሲያነጡበት ኖረዋል። የተገኘው አዲስ ነገር ‹‹ከላይ›› እና ‹‹ከታች›› በሚሉት ሁለት ቃላት ውስጥ ነው ያለው። ከታች የሞተ ቀንድ አውጣ ማየት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ቀንድ አውጣ በየትኛውም ወንዝ ይሞታልና። ከላይ ያለውን አይቶ ማነጻጸር ግን ምርምር ነው። ስለ አንዲት ምንጭ የጻፈው ጓደኛችን አንድ ሌላ ምንጭ ወይም ያችኑ ምንጭ በሌላ ወር ቢመለከት ኖሮ፣ እነዚያን አምስት ገጾች ባላስፈለጉት ነበር። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጽሑፍ የምንሰጠው ምክር ይህ ነው፤ ብዕር ከማንሣታችሁ በፊት ‹‹ምን አየን? ከምንስ ጋር አነጻጸርነው?›› ብላችሁ በሁለት ዐረፍተ ነገር መልሱ። መልሱ ካልመጣ ጊዜው የመጻፊያ ሳይሆን ገና የመመልከቻ ነው። መልሱ ከመጣም ያንኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጡት።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን የትምህርት ልማድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቅኔ ቤት ወርቁን በሰሙ መሸሸግ የሊቅነት ምልክት ነው፤ አድማጩም ደክሞ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ይህን ውበት ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናደንቅ፣ ሳናስበው በምርምር ጽሑፋችንም ዋናውን ነገር ወደ መጨረሻ እንሸሽጋለን። ይህ ቦታው አይደለም። ነገር ግን ከዚሁ ከጥንቱ ትምህርት አንድ ሌላ ነገር ብንወስድ እጅግ ይጠቅመናል፤ እርሱም የትርጓሜ መምህራን ‹‹አንድም›› ነው። መምህሩ ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አይረካም፤ አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው እያለ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ጎን ለጎን ያቆማል። የሐተታ ክፍል ማለት ይህ ነው። ቀንድ አውጣው ለምን ሞተ? አንድም እንዶዱ ገድሎት ይሆናል። አንድም ከልብሱ የወጣው እድፍ ይሆናል። አንድም የአጣቢዎቹ እግር ረግጦት ይሆናል። አንድም ወንዙ ከሌላ ቦታ የሞቱትን አምጥቶ እዚያ አከማችቷቸው ይሆናል። በወንዙ ዳር ቆሞ እነዚህን መለየት አይቻልም። በቤተ ሙከራ ግን እድፍም፣ እግርም፣ ወራጅ ውሃም የለም፤ ያሉት እንዶድና ቀንድ አውጣ ብቻ ናቸው። በትርጓሜ ቤት አንድሞቹ ሁሉ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በምርምር ግን ለእያንዳንዱ አንድም የሚያፈርሰውን ፈተና መፈለግ ግዴታ ነው፤ ሳይፈተን የቀረው አንድም ካለ እርሱንም ‹‹ይህን አልፈተንነውም›› ብሎ በግልጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ከተማሪዎች ሐተታ አብዛኛው የሚጎድለው ይህ ነው፤ አንዱን ምክንያት ብቻ ይዞ ይደመድማል።

‹‹እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል›› ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ የሚከፈለውን ዋጋ ምሳሌው አይናገርም። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም በቪየና ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ይሠራ ነበር። ሐኪሞችና ተማሪዎች ሬሳ ከሚመረመርበት ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይመረምሩ ነበር። በ1847 ዜመልቫይስ ሁሉም እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ ሞተው ነበር፤ መታጠቡ በሜይ ከተጀመረ በኋላ ግን በጁን ወር ከ100 ወደ 2 ያህል ወረደ። እንዲህ ያለ ቁጥር በሁለት ገጽ ሊጻፍ ይችል ነበር። እርሱ ግን በመጀመሪያ ወሬውን ለወዳጆቹ ትቶ ኖረ፤ ትልቁ መጽሐፉ የወጣው ከ14 ዓመት በኋላ በ1861 ነው። መጽሐፉም እጅግ ረጅም ሆኖ፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር በሚደረግ ክርክር የተሞላ ነበር። በዘመኑ የነበሩት ሐኪሞች እጃቸው ገዳይ መሆኑን ለመቀበል ስላልፈለጉ ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ ነው አንልም። የሆነ ሆኖ ያ ቁጥር በጊዜውና በአጭሩ ከራሱ ብዕር አለመውጣቱ ለእነርሱ እንቢታ ረዳቸው። ጽሑፍን ማዘግየትና ማስረዘም የነጥብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አናውቅም።

አጭር ጽሑፍ ሲባል ሁሉም የሚያነሣው ጀምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ በ1953 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡትን ነው። የዲ ኤን ኤን ቅርጽ ያስታወቀው ይህ ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥም፤ ሥዕሉም አንድ ብቻ ነው። ለተማሪዎች ምሳሌ ተደርጎ የሚቀርበው በዚህ ምክንያት ነው፤ በእጥረቱም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን በሌላ በኩል ምሳሌነቱን አንቀበልም። ሮዛሊንድ ፍራንክሊን በራጅ ያገኘችው ማስረጃ ለሥራቸው እጅግ ጠቅሟቸዋል፤ ካነሣቻቸው ሥዕሎች አንዱን ዋትሰን ሳታውቅ አይቶታል። በጽሑፉ ላይ ግን የተሰጣት ምስጋና፣ የእርሷንና የሞሪስ ዊልኪንስን ያልታተመ ሥራ በጠቅላላው በማወቃችን ተነሣሥተናል የሚል ደብዛዛ ቃል ነው። ፍራንክሊን በ1958 ሞተች፤ የኖቤል ሽልማቱም በ1962 ለሦስቱ ወንዶች ተሰጠ። እኛ ተማሪዎች ይህን ነገር ሩቅ አድርገን ማየት የለብንም። ቴርሞሜትሩን ሌሊት ተነሥቶ ያነበበልን ጓደኛ፣ ሳህኑን ያዋሰን የቤተ ሙከራ ሠራተኛ፣ ተክሉን በስሙ ጠርተው ያሳዩን ገበሬ በጽሑፋችን ውስጥ የት አሉ? ‹‹ለረዱን ሁሉ እናመሰግናለን›› ማለት ማንንም አለማመስገን ነው። ማን ምን እንዳደረገ ለይቶ መጻፍ ጨዋነት ከመሆኑም ሌላ፣ አንባቢው ነገሩን ለማጣራት ቢፈልግ ማንን እንደሚጠይቅ ያሳየዋል።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር እንጨምር። ‹‹ተደረገ፣ ተለካ፣ ተገኘ›› የሚሉት ግሦች ለጽሑፋችን ክብር የሚሰጡት ይመስለናል፤ ነገር ግን አድራጊውን ይደብቃሉ። ‹‹ውሃው ተለካ›› ከማለት ‹‹በየማለዳው በ1 ሰዓት ከሁለታችን አንዳችን ውሃውን ለካን›› ማለት ይሻላል፤ ሁለት ሰዎች መለካታቸው ራሱ ለልዩነት ምክንያት ሊሆን ይችላልና። እንደዚሁም ‹‹እጅግ በጣም ብዙ›› የሚለው ሐረግ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ አይነግረንም። ‹‹እንደሚታወቀው›› የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጸሐፊው ማረጋገጫ ባላገኘበት ቦታ ነው። እነዚህን ሦስቱን ከጽሑፋችን ብናስወጣ ገጹ ያጥራል፤ በቀረው ላይ ግን አንባቢ ሊተማመን ይችላል።

በመጨረሻ ለመምህራኖቻችን በአክብሮት የምናቀርበው አንድ ልመና አለን። ያን ሳህን ያጠብነው ከክፋት ሳይሆን፣ ያልተስማማ ውጤት ነጥብ ያስቀንሳል ብለን ስለፈራን ነው። ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። እንዳሰበው የሆነለት ተማሪ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነጥብ የሚያገኝ፣ ያልሆነለት ግን የሚቀነስበት ከሆነ፣ በየዓመቱ የሚታጠበው ሳህን መብዛቱ አይቀርም። ስለዚህ ያልተስማማውን ውጤት ሳይደብቅ ያቀረበና ምክንያቱን የመረመረ ተማሪ፣ ሠንጠረዡ ባያምርም ጥሩ ነጥብ እንዲሰጠው እንለምናለን። ዛሬ ባቄላ የሚቆጥረው ተማሪ ነገ የመድኃኒት ውጤት ወይም የድልድይ ብረት ጥንካሬ ሊለካ ነው። በዚያን ጊዜ ሳህን የማጠብ ልማድ ይዞ ከሄደ ጉዳቱ ከነጥብ ያልፋል።

እኛም ይህን ስንጽፍ አስተማሪ ለመሆን አስበን አይደለም። ሙከራውን በዚህ ሴሚስተር ከመጀመሪያው ጀምረናል፤ ሳህኖቹም እንደ ፊተኛው 8 ናቸው። በዚህ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሳህን ላይ ቁጥር ለጥፈናል፤ የተቀመጠበትን ቦታና ዘሩ የወጣበትን ከረጢትም ጽፈናል። ውጤቱ ቢያምርም ባያምርም 8ቱም በሠንጠረዡ ላይ ይገባሉ። ስሕተት ያገኘብን አንባቢ ቢኖር እንዲያርመን አደራ እንላለን።